መሬቱ ለጦር ሜዳ፣ ስሙ ለመዝገብ
ዶለርስሃይም የተባለው የኦስትሪያ ገጠር ታሪክ

ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና በስተሰሜን ምዕራብ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዶለርስሃይም የሚባል ሥፍራ አለ። ጣሪያው የወረደ ቤተ ክርስቲያን፣ በግንብ የታጠረ መቃብርና ቀድሞ የድሆችና የአረጋውያን መጦሪያ የነበረ ቤት ፍርስራሽ ይታይበታል። ገበያው፣ ጎተራውና የአባወራዎቹ መኖሪያ የነበሩበት ቦታ በዛፍና በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። ይህ ሥፍራ እስከ 1938 ድረስ የራሱ ሹምና የራሱ ምክር ቤት የነበረው፣ ከአካባቢው መንደሮች ሁሉ ገበያተኛ የሚመጣበት የገጠር ቀበሌ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶለርስሃይምን ያጠፋው ድርቅ፣ ወረርሽኝ ወይም የመሬት መንሸራተት አይደለም። አንድ መንግሥት በአንድ በጋ ያወጣው ትእዛዝ ነው። ከዚያም ወዲህ የመጡት መንግሥታት ትእዛዙን ያወጣውን አገዛዝ ቢያወግዙም መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ አልመለሱም። ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የዚህ ቀበሌ ታሪክ የሚጠቅመው በተለይ ከዚህ ላይ ነው። መሬት ከገበሬ እጅ ሲወጣ ካሣው እንዴት ተገመተ? በምን ተከፈለ? የተከፈለውስ ምን ሆነ?

አገሩና አፈሩ

የታችኛው ኦስትሪያ ክፍለ ሀገር ከጥንት ጀምሮ በአራት ሩብ ተከፍሎ ይጠራል። ዶለርስሃይም የሚገኝበት ሰሜን ምዕራባዊው ሩብ «ቫልድፊርተል» ይባላል፤ የደን ሩብ ማለት ነው። ስሙ እንደሚናገረው አገሩ በደን የተሸፈነ አምባ ሲሆን፣ ከሥሩ ግራኒትና ናይስ የተባሉ እጅግ ጠንካራ ድንጋዮች ተዘርግተዋል። ከዚህ ድንጋይ የሚወጣው አፈር ሳስ ያለ፣ አሸዋ የበዛበትና ኮምጣጣ ነው። ገበሬው ማረሻውን ባነሣ ቁጥር ድንጋይ ይለቅማል፤ የለቀመውንም በማሳው ዳር ይከምራል።

ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 600 ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያ ገበሬ ቆላ ይመስላል። ነገር ግን አገሩ ከምድር ወገብ በጣም የራቀ በመሆኑ ክረምቱ በረዶ፣ ጸደዩም ውርጭ ነው። ዘር የሚዘራበትና የሚሰበሰብበት ጊዜ አጭር ስለሆነ አንድ ሳምንት መዘግየት የዓመቱን ቀለብ ያናጋል። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ስንዴን የሚያህል እህል አልተመኘም። ጥቁር ዳቦ የሚጋገርበትን ራይ የተባለ እህል፣ አጃና ድንች፣ ለጨርቅ የሚሆን ተልባ፣ ደግሞም ፖፒ የተባለውን የቅባት እህል ያመርት ነበር። የቫልድፊርተል ፖፒ ዛሬም ስመ ጥር ነው። ከጥንት ጀምሮ ማሳው በሦስት ተከፍሎ አንዱ የክረምት እህል፣ ሁለተኛው የጸደይ እህል ሲዘራበት ሦስተኛው ጦም ያድር ነበር። ከብቱ በጋራ ግጦሽ ይሰማራል፤ ማገዶና የቤት እንጨት ከደኑ ይመጣል።

ከአካባቢው በስተደቡብ ካምፕ የተባለው ወንዝ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ ይወርዳል። ወደ እርሱ የሚፈሱት ጅረቶች በየመንደሩ የውሃ ወፍጮ ያንቀሳቅሱ ነበር። በዚሁ ወንዝ ላይ በ1950ዎቹ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጩ ግድቦች ተሠርተዋል፤ ትልቁ የኦተንሽታይን ግድብ ነው።

ይህን አገር ከደን አውጥቶ ለእርሻ ያበቃው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ኩንሪንግ የተባሉት ባላባቶች ደኑን አስመንጥረው ሰው አሠፈሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ጽቬትል የተባለውን ገዳም በ1138 ገደማ አቋቋመ። ገዳሙ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። መንጣሪው ገበሬ ግን መሬቱን የራሱ አላደረገም። መሬቱ የባላባቱ ወይም የገዳሙ ሲሆን፣ ገበሬው ከምርቱ ግብርና አስራት ይከፍላል፤ ከጉልበቱም በባላባቱ እርሻ ላይ ሁዳድ ይሠራል።

ከሁዳድ እስከ ራስ አስተዳደር

የሁዳዱ ሥራ ምን ያህል እንደነበረ ለማወቅ በ1772 ለታችኛው ኦስትሪያ የወጣውን ደንብ መመልከት ይበቃል። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ገበሬው እንዲቀልለት ብላ ያወጣችው ይህ ደንብ፣ ባላባቱ ከአንድ ገበሬ በዓመት ከ104 ቀን በላይ እንዳያሠራ ከለከለ። እንግዲህ 104 ቀን፣ ማለትም በሳምንት ሁለት ቀን፣ እንደ ማሻሻያ የተቆጠረበት ዘመን ነበር።

በ1817 ደግሞ መንግሥቱ የመሬት ግብር ለመጣል ሲል ማሳ ሁሉ ተለክቶ በካርታና በመዝገብ እንዲሠፍር አዘዘ። ቀያሾች ከመንደር መንደር እየዞሩ የእያንዳንዱን ማሳ፣ ግጦሽና ደን ልክ ጻፉ። መዝገቡ የተዘጋጀው በመንደር ክልል ስለሆነ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ወሰንና የራሱ የመዝገብ ስም አገኘ። ይህ የወረቀት ሥራ ያን ጊዜ ለገበሬው የግብር ሸክም ብቻ መስሎ ታይቶት ይሆናል። የኋላው ታሪክ እንደሚያሳየው ግን፣ ዶለርስሃይም የተባለው መንደር ከጠፋ በኋላም ዶለርስሃይም የተባለው የመሬት መዝገብ ክልል አልጠፋም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1848 ነው። በዚያ ዓመት በቪየና በተቀሰቀሰው አብዮት ምክንያት ምክር ቤት ተመረጠ። ሐምሌ 24 ቀን ሃንስ ኩድሊክ የተባለ የገበሬ ልጅ፣ ከምክር ቤቱ አባሎች ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ሁዳድና አስራት ከነሥር መሠረታቸው እንዲወገዱ ሐሳብ አቀረበ። ክርክሩ ከወር በላይ የፈጀው ገበሬው ነጻ ይውጣ አይውጣ በሚለው አልነበረም። ጭቅጭቁ ባላባቱ ካሣ ያገኛል ወይስ አያገኝም በሚለው ላይ ነበር። መስከረም 7 ቀን የጸደቀው ሕግ ባላባቱን ካሰ። የግዴታው ዋጋ ተገመተ፤ ከሦስት እጅ አንዱ ተተወ፤ አንዱን እጅ ክፍለ ሀገሩ፣ አንዱን እጅ ደግሞ ገበሬው ራሱ በ20 ዓመት ውስጥ እየከፈለ እንዲጨርስ ተደረገ። ገበሬው ለአባቶቹ ላብ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። ሆኖም ክፍያው ሲያልቅ መሬቱ በመዝገብ የእርሱ ሆነ።

በማግሥቱ ዓመት፣ መጋቢት 17 ቀን 1849፣ የቀበሌዎች ሕግ ወጣ። የሕጉ መግቢያ የነጻ መንግሥት መሠረቱ ነጻ ቀበሌ መሆኑን ያወሳል። በዚህም መሠረት በቋንቋቸው «ጌማይንደ» የሚባሉት የራስ አስተዳደር ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ጌማይንደ ማለት የተመረጠ ምክር ቤትና ሹም ያለው፣ የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድር፣ መንገዱን የሚጠግን፣ በመንደሩ ጸጥታ የሚያስከብር አካል ነው። ከዚህም ሌላ ከባድ ግዴታ ነበረበት። በ1863 የወጣው ሕግ እያንዳንዱን ሰው ከአንድ ቀበሌ ጋር ያስራል፤ ሰውየው ቢያረጅ፣ ቢታመምና ጧሪ ቢያጣ የሚረዳው ያው ቀበሌው ነው። ይህ ሥርዓት እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ ጸንቶ ነበር። ለዶለርስሃይም ገበሬ እንግዲህ ቀበሌው ከጽሕፈት ቤት የበለጠ ነገር ነበር፤ ለእርጅና ዘመኑ የያዘው ዋስትና ነበር።

በ1870 ከቪየና ወደ ቦሔሚያ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በአካባቢው ሲያልፍ እንጨትና ድንች ወደ ዋና ከተማው መጫን ቀለለ። ይኸው ሐዲድ በኋላ ለጦር መሣሪያ ማጓጓዣም አመቺ ሆነ።

አንድ የጥምቀት መዝገብ

የዶለርስሃይም ስም በመላው ዓለም የተሰማው ግን በእርሻው ወይም በገበያው አይደለም። በ1837 በአጠገቡ በምትገኘው ሽትሮኔስ በተባለች መንደር አንዲት ያላገባች የገበሬ ልጅ፣ ማሪያ አና ሺክልግሩበር፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አሎይስ ተብሎ በዶለርስሃይም ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ የአባቱ ስም በመዝገቡ ላይ ባዶ ቀረ። አሎይስ አድጎ የጉምሩክ ሠራተኛ ከሆነ በኋላ በ1876 የአባት ስም እንዲገባለት ተደረገ፤ ስሙም ሂትለር ተባለ። ልጁ አዶልፍ ሂትለር በሌላ ከተማ በ1889 ተወለደ። አያቲቱ በ1847 ሞታ የተቀበረችው በዶለርስሃይም ነው።

ከዚህም የተነሣ፣ ሂትለር የአባቱን የትውልድ ምሥጢር ለመደበቅ ሲል አካባቢውን ሆን ብሎ በመድፍ አስደመሰሰ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ወሬው ለሰሚ ጆሮ ይጥማል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ቤቶቹ በብዛት እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ቆመው ነበር፤ የጥምቀት መዝገቡም አልጠፋም። ቦታው ለጦር ሠራዊት የተመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት ምሥጢር መፈለግ አያሻም። ሰው የሳሳበት፣ አፈሩ ደካማ በመሆኑ በግምት የሚረክስ፣ ለባቡር የቀረበ፣ ከቼኮስሎቫኪያም ድንበር ብዙ ያልራቀ አገር ነው።

የ1938 በጋ

የጀርመን ጦር ኦስትሪያ የገባው መጋቢት 12 ቀን 1938 ነው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በሰኔ ወር የዶለርስሃይም አካባቢ ገበሬዎች መሬታቸው ለጦር ልምምድና ለተኩስ ሜዳ እንደተፈለገ፣ ለቀውም መሄድ እንዳለባቸው ተነገራቸው። የመጀመሪያው ክልል ነዋሪዎች እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ድረስ እንዲወጡ ታዘዙ። ነሐሴ በዚያ አገር የአጨዳ ወር ነው። ራዩ ሊታጨድ በደረሰበት ሰዓት ገበሬው ጋሪውን ጭኖ፣ ከብቱን ነድቶ መሄድ ግድ ሆነበት።

ማስለቀቁ በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም፤ ከ1938 እስከ 1942 ድረስ በየተራ ቀጠለ። በመጨረሻው 42 መንደሮች ባዶ ቀሩ፤ 7 ሺህ ያህል ሰዎችም ተፈናቀሉ። ማርጎት ሺንድለር የተባሉ የሕዝብ ባህል ተመራማሪ በ1988 ስለዚሁ ማስለቀቅ ባሳተሙት ጥናት ላይ የሰጡት ርእስ «ግድ መሄድ» የሚል ትርጉም አለው።

ግምቱንና ግዢውን ያካሄደው ለዚሁ ሥራ የተመደበ የጀርመን የሠፈራ ኩባንያ ነበር። በወረቀት ላይ ጉዳዩ ሽያጭና ግዢ ነው፤ ውል ይፈረማል፣ ዋጋ ይጻፋል። ሻጩ ግን አልሸጥም ለማለት መብት አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ውል ሽያጭ ብሎ መጥራት ለቃሉ ክብር መንሣት ይሆናል።

የካሣው ነገር ለሁሉም እኩል አልሆነም። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የወጡት አብዛኞቹ በሌላ የኦስትሪያ አውራጃ ምትክ እርሻ ለማግኘት ጊዜና ገንዘብ ነበራቸው። አንዳንዶች የደረሳቸው ምትክ ግን ናዚዎች ከአይሁድ ቤተሰቦች የነጠቁት ንብረት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በወጣው የማስመለሻ ሕግ ባለቤቶቹ ወይም ወራሾቻቸው ሲጠይቁ ይህ ንብረት ተመላሽ ሆነ። በዚህ ጊዜ ተፈናቃዩ ገበሬ የአባቱንም እርሻ፣ ምትኩንም አጣ። በኋለኞቹ ዙሮች የወጡት ደግሞ ጦርነቱ ስለተፋፋመ የሚገዛ እርሻ አላገኙም። ገንዘባቸው በባንክ ተቀመጠ። በ1945 እና በ1947 ኦስትሪያ ገንዘቧን ስትለውጥ ይህ ተቀማጭ ዋጋ አጣ። የአንድ ቤተሰብ መቶ ዓመት ልፋት የባንክ ደብተር ላይ ተጽፎ ቀረ።

መንደርተኛውም አብሮ አልሠፈረም። ምትክ በተገኘበት ሁሉ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ተበተነ። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድነት የሚከታተል ምክር ቤት፣ የሚፈርም ሹም፣ ማኅተም ያለው ጽሕፈት ቤት አልነበረም። አንድ ቀበሌ መሬቱን ሲያጣ ወዲያውኑ ድምፁንም ማጣቱ፣ በዶለርስሃይም ታሪክ ውስጥ ከካሣው ጉድለት ያላነሰ ጉዳት ነው።

ባዶ በቀሩት መንደሮች ውስጥ ሌሎች ሰዎች እንዲገቡ የተደረገበትም ጊዜ ነበር። ኤደልባኽ በተባለው መንደር አጠገብ የጀርመን ጦር ለተማረኩ የፈረንሳይ መኮንኖች ሠፈር ሠራ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መኮንኖችም ታሠሩበት። ከእነርሱ አንዱ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ዣን ለሬ ነበር። ለሬ ስለ ፈሳሾች እንቅስቃሴ ያለው ዕውቀት ለጀርመን ጦር እንዳይውል ብሎ ሰውሮ፣ በሠፈሩ ውስጥ በእስረኞች የተቋቋመውን የትምህርት ተቋም እየመራ በሌላ የሒሳብ ዘርፍ ላይ ሠራ፤ በዚያ የጀመረውም ሥራ በኋላ በዓለም የታወቀ ሆነ። በመስከረም 1943 ደግሞ 132 እስረኞች ከመሬት በታች በቆፈሩት ዋሻ አመለጡ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በቀናት ውስጥ ተይዘዋል።

ከጦርነቱ በኋላ

በ1945 አካባቢው በሶቪየት ኅብረት ጦር እጅ ገባ። በ1946 የሶቪየት ባለሥልጣኖች በያዙት የኦስትሪያ ክፍል ያለውን የጀርመን መንግሥት ንብረት ሁሉ በካሣ ስም ወሰዱ። የዶለርስሃይም መሬት «በግዢ» የጀርመን ጦር ሠራዊት ንብረት ሆኖ ስለተመዘገበ እርሱም አብሮ ተወሰደ። ያ በግድ የተፈረመ ውል ከፈራሚዎቹ አገዛዝ ይልቅ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። የሶቪየት ጦርም በቦታው ልምምድ አደረገበት። ቤቶቹ የፈረሱት በአብዛኛው በዚህ ዘመን ነው፤ ከፊሉ በተኩስ፣ ከፊሉ ደግሞ ጡብና ሳንቃ በጠፋበት በዚያ የችግር ጊዜ ሰዎች ለግንባታ እየነቀሉ ስለወሰዱት።

የቀድሞ ነዋሪዎች ተስፋ ያደረጉት ግንቦት 15 ቀን 1955 የተፈረመውን የኦስትሪያ የነጻነት ስምምነት ነበር። የውጭ ጦር ወጣ፤ የጀርመን ንብረት ይባል የነበረውም ለኦስትሪያ ሪፐብሊክ ተላለፈ። ሆኖም ሪፐብሊኩ አዲስ ሠራዊት በማቋቋም ላይ ስለነበረ የልምምድ ሜዳ ፈለገ፤ ከ1957 ጀምሮ ቦታውን ሠራዊቱ ያዘው። ከዳርቻው የተወሰነው መሬት ለእርሻ ተመለሰ። የቀረው፣ መካከለኛውና ትልቁ ክፍል፣ አለንትሽታይግ በተባለችው ከተማ ስም የሚጠራ የጦር ልምምድ ሜዳ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ስፋቱ 157 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሔክታር 15,700፣ በጋሻ ቢሰላ 390 ገደማ ይሆናል። በኦስትሪያ ከእርሱ የሚበልጥ የልምምድ ሜዳ የለም።

መሬቱን ላለመመለስ ይሰጥ የነበረው ምክንያት በራሱ ሚዛን የለሽ አልነበረም። አገር መከላከያ ያስፈልጋታል፤ መንደሮቹ ፈርሰዋል፤ አፈሩ ባልፈነዱ ጥይቶች ተሞልቷል፤ ባለቤቶቹም ተበትነዋል። ነገር ግን እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው በደል የወለዳቸው ናቸው። በደሉ ቆይቶ ራሱ ለበደሉ መጽኛ ምክንያት ሆነ።

ዶለርስሃይም እንደ ራስ አስተዳደር ቀበሌ ከእንግዲህ አልተቋቋመም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የታችኛው ኦስትሪያ ክፍለ ሀገር ከ1,600 በላይ የነበሩትን ትንንሽ ቀበሌዎቹን እያዋሐደ ወደ 570 ያህል ዝቅ አደረጋቸው። በዚያን ጊዜ በየመንደሩ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ ስማችን ጠፋ፣ ሹማችን ራቀን ያሉ ብዙ ነበሩ። የዶለርስሃይምን ሥፍራ በሚመለከት ግን የሚከራከር ነዋሪ አልነበረም። ዛሬ ክልሉ ፖላ በሚባለው ቀበሌ ሥር ሲሆን፣ በመሬት መዝገቡ ላይ ዶለርስሃይም የሚለው ስም ከነወሰኑ እንደተጻፈ ነው።

ሰው በወጣበት አገር ዱሩ ተመልሷል። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይነካው የኖረው ሜዳ በሌላው አገር የመነመኑ ወፎች መኖሪያ ሆኖ በአውሮፓ የተፈጥሮ ጥበቃ ክልሎች ውስጥ ተመዝግቧል። ደኑን የሚንከባከበው የሠራዊቱ የራሱ የደን አስተዳደር ነው። በ2016 ደግሞ በዚሁ የልምምድ ሜዳ ውስጥ ተኩላዎች ግልገል ወለዱ፤ በኦስትሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታይ የቆየ ነገር ነበር። ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች ታላቅ ደስታ ሆኖ ሳለ፣ በሜዳው ዙሪያ በግና ጥጃ የሚያረቡ ገበሬዎች መንጋቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ መነጋገር ጀመሩ።

በ1980ዎቹ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከዚህ የበለጠ እንዳይፈርስ ተጠግኖ፣ መቃብሩም ተስተካክሎ የሰላም መቃብር ተባለ። በየዓመቱ ኅዳር 2 ቀን፣ ካቶሊኮች ሙታንን በሚያስቡበት ዕለት፣ የቀድሞ ነዋሪዎችና ልጆቻቸው እየመጡ ጣሪያ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት ያደርሳሉ። በ1938 ጋሪ ላይ ተቀምጠው የወጡት ሕፃናት አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፤ መንገዱን ለልጅ ልጆቻቸው አሳይተው አልፈዋል። ከቤተ ክርስቲያኑና ከመቃብሩ አልፎ ወደ ቀድሞው ማሳ መግባት ክልክል ነው። በመንገዱ ዳር የተተከሉት ሰሌዳዎች በአፈሩ ውስጥ ያልፈነዳ ጥይት መኖሩን ያስጠነቅቃሉ።